የነፋስ ሒሳብ

በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር መጀመሪያ የሠራው ሰው ሐበሻ እንዳልነበረ ለማወቅ ታሪክ ማገላበጥ አያስፈልግም። እኛና ነፋስ የቆየ ጠብ አለን። ሰው ተጠቅጥቆ በሞላበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ላብ ከግንባር ወደ አንገት በሚንቆረቆርበት ቀትር፣ አንድ ደፋር መስኮቱን በሁለት ጣት ስፋት ከፈት ቢያደርግ ከኋላ ወንበር «ኧረ ዝጋው ወንድሜ! በነፋስ ልትጨርሰን ነው?» የሚል ድምፅ መምጣቱ አይቀርም። ለራስ ምታቱም፣ ለቁርጥማቱም፣ ለአንገት መገተሩም ተቀዳሚው ተከሳሽ ነፋስ ነው፤ ጠበቃ አቁሞ ሲከራከር ግን ታይቶ አይታወቅም።

እንዲህ ካለ ወገን የተወለድኩት እኔ ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ እየነዳሁ እኖራለሁ፤ ከሥራ ውጭ ደግሞ ከነፋስ በቀር ማቀዝቀዣ የማታውቅ ትልቅ የረጅም ጉዞ ዶቅዶቄ አለችኝ። ራዲያተር የላትም፤ ውሃ አትጠይቅም። ግራና ቀኝ ሻንጣ፣ ከፊት ሰፊ የመስታወት ጋሻ፣ ከኋላ ባለቤቴ ደገፍ የምትልበት ወንበር አላት። ዕድሜዋን አልናገርም፤ እሷም እንዲነገርባት የምትፈልግ አይመስለኝም። አዲስ ለመግዛት የታክሲ ሾፌር ኪስ አይፈቅድም፤ ይህቺን ለመሸጥ ደግሞ የታክሲ ሾፌር ልብ አይፈቅድም። የቀረው አማራጭ በትንሽ ወጪ ሳትቃጠል ማኖር ብቻ ነው።

«ሳትቃጠል» ስል ማጋነኔ አይደለም። ላስ ቬጋስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 የሙቀት መጠኗ 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ የራሷን ክብረ ወሰን ሰብራለች። በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ርቆ የሚገኘው የሞት ሸለቆ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1913 ያስመዘገበውን 56.7 ዲግሪ እስከ ዛሬ ማንም አልነጠቀውም። ወደ ሎስ አንጀለስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ቤከር የተባለች ትንሽ መንደር ለዚህ መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1991 ትልቅ ቴርሞሜትር አቁማለች። ቁመቱ 134 ጫማ ነው፤ የ1913ቱ ሙቀት በፋራናይት ሲቆጠር 134 ነበርና። ሌላው አገር ለጀግና ሐውልት ያቆማል፤ የእኔ ጎረቤቶች ለሙቀት አቆሙለት።

ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ሞተር ራሱ ሙቀት አምራች መሆኑ ነው። ከሚቃጠለው ቤንዚን ጉልበት ውስጥ ጎማ ለማዞር የሚውለው ሲሶው ቢሆን ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ከፊሉ በማርሚታ፣ ከፊሉ በሞተሩ አካል በኩል ይወጣል። እንግዲህ እኔ ሙቀት በነፃ በሚታደልበት ከተማ ተቀምጬ ሙቀት በቤንዚን ዋጋ የምገዛ ሰው ነኝ ማለት ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደው እሳት ከሁለት ሺህ ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ፒስተኑ የተሠራበት አሉሚኒየም ደግሞ ንጹሕ ቢሆን እንኳ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ሙቀቱ ቶሎ ቶሎ ካልተወሰደ በመካከላቸው ሌላ ሽማግሌ የለም።

ሙቀቱን የሚወስደው ነፋስ ነው። በሲሊንደሩና በቴስታታው ዙሪያ ስስ የብረት ክንፎች ተደርድረዋል፤ ሥራቸው ነፋስ የሚዳስሰውን ገጽ ማብዛት ነው። ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ ጥበብ አይደለም። አዲስ አበባን ሽቅብ ቁልቁል ስታመላልስ የኖረችው ቮልስም የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነበር። እሷ ግን ቬንትሌተር ስለነበራት ቆማም ቢሆን ለራሷ ነፋስ ታመርት ነበር። ቺንጋው ሲበጠስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ መለዋወጫ ቺንጋ ያልያዘው ባለቤት ፊትም አብሮ ይቀላል። የእኔዋ ቬንትሌተር የላትም። የእሷ ቬንትሌተር መንገዱ ነው፤ ስትሄድ ትቀዘቅዛለች፣ ስትቆም ትግላለች። ሌላው ሁሉ የዚህ ትርጓሜ ነው።

መሐንዲሶች ይህን ነገር ብዙ ተጨንቀውበታል። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1923 አር 32 የተባለችውን ሲያወጣ ማክስ ፍሪዝ የተባለው መሐንዲስ ሁለቱን ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ወደ ውጭ አውጥቶ ሁለቱም ትኩስ ያልሆነ ነፋስ እኩል እንዲደርሳቸው አደረገ። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1975 ጎልድ ዊንግን ይዞ ሲመጣ ገና ከጅምሩ በውሃ አቀዘቀዛት። ሃርሊ ዴቪድሰን እንኳ፣ ስንት ዘመን በነፋስ ሲምል ኖሮ፣ ከእ.ኤ.አ. 2014 ሞዴል ጀምሮ በአንዳንድ የጉዞ ሞተሮቹ ቴስታታ ውስጥ ውሃ ማዞር ጀመረ። የእኔዋ የተወለደችው ከዚህ ሁሉ መላ በፊት በነበረው ሥርዓት ነው፤ ሁለቱ ሲሊንደሮቿ ፊትና ኋላ ሆነው በጠባብ ማዕዘን ይገናኛሉ። የፊተኛው ነፋሱን ይቀበላል፤ ለኋለኛው የሚደርሰው የፊተኛው የተጠቀመበት ነው። ከኋለኛው ሲሊንደር አጠገብ ደግሞ የእኔ ቀኝ ጭን አለ።

በአውራ ጎዳና ላይ እስከሄድኩ ድረስ ከሦስታችንም ቅሬታ አይሰማም። ጣጣው ከተማ ስገባ ይጀምራል። የመጀመሪያው ጠላት የትራፊክ መብራት ነው። ካሊፎርኒያ ሞተረኛ በተሰለፉ መኪኖች መሀል ሾልኮ እንዲያልፍ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ በሕግ ፈቅዳለች፤ ኔቫዳ አትፈቅድም። ስለዚህ በትልልቆቹ ሆቴሎች ፊት ለፊት፣ ከኋላዬ አውቶቡስ ከፊቴ ሊሞዚን ይዞኝ፣ መብራቱ ቀይ እኔም ቀይ ሆነን እንቆማለን። ያም ሆኖ መብራት አረንጓዴ መሆኑ አይቀርም። ሁለተኛው ጠላት ግን አረንጓዴ የለውም። እሱም ሰላምታ ነው።

ሐበሻ ምግብ ቤት ያለበት አደባባይ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገብቼ አንድ እግሬን መሬት ሳስነካ አንድ የማከብራቸው ሰው ከመኪናቸው ሲወርዱ ያዩኛል። «አንተ! ምነው ጠፋህ?» ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ነው። የዘይቱ ክዳን ላይ የሙቀት መለኪያ ስላለኝ ሰላምታው የት እንደደረሰ በዲግሪ መከታተል እችላለሁ። «ደህና ነህ ወይ?» ብለው «ሥራ እንዴት ነው?» እስኪሉ መርፌው መቶን ያልፋል። «ባለቤትህስ? ልጆችስ? አደጉ አይደል?» መቶ አሥር። «እናትህስ ደህና ናቸው? አጎትህስ፣ ያ እግሩን ያመመው?» መቶ ሃያ። እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፤ ምስጋናውን የምልከው ለአጎቴ እግር ይሁን ለራሴ ጭን እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ይሄን ሰሞኑን የሚወራውን ሰማኸው?» ካሉ አለቀ። ፖለቲካ የሚችል በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር እስካሁን አልተሠራም።

«ታዲያ ለምን አታጠፋውም?» ይላል ይህን የሚያነብ ፈረንጅ ቢኖር። የእኛ አንባቢ ግን ምክንያቱን ያውቀዋል። በሰው ፊት ሞተር ማጥፋት ጊዜ እንዳለህ መፈረም ነው። የሚሠራ ሞተር «ልሄድ ነው» ይላል፤ የጠፋ ሞተር «ቡና ጠጣ በሉኝ» ይላል። ስለዚህ ሁላችንም ሞተራችንን እያስጮህን፣ በላዩ ላይ እየጮህን፣ ለመሄድ በተዘጋጀ ሰው አቋም ግማሽ ሰዓት እናወራለን።

ገበያው ለዚህ ሁሉ መድኃኒት አለው። ሞተሩ ፊት የሚታሰር ትንሽ የዘይት ማቀዝቀዣ ይሸጣል፤ ዘይቱ ሲግል ቴርሞስታቱ ይከፍትለትና በስስ ቱቦዎች ዞሮ ነፋስ አግኝቶ ይመለሳል። ከሲሊንደሮቹ ጎን የሚገጠሙ ጥንድ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተሮችም አሉ፤ አምረው፣ በጥቁርም በክሮምም ተዘጋጅተው። ሙቀት ከጭን የሚመልሱ ክንፎች፣ የተሻሻሉ ማርሚታዎች፣ ቤንዚንና አየር የሚያመጣጥኑ ኮምፒዩተሮች ሞልተዋል። ሁሉም ይሠራሉ፤ አብዛኞቹ ደግሞ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ። አንድ ወዳጄ አንድም ሳያስቀር ገዝቷቸው ዶቅዶቄው ቀዝቅዛለች። እሱ ራሱ ግን የክሬዲት ካርዱ ወረቀት በመጣ ቁጥር ይግላል።

እኔ የሄድኩት ጋሼ ጋ ነው። ጋሼ አዲስ አበባ ውስጥ ገና በልጅነታቸው ጋራዥ ገብተው ያደጉ፣ እዚህም መጥተው ቤታቸው ጓሮ ውስጥ ያገሬውን ሰው ሞተር የሚያክሙ አዛውንት ናቸው። አሜሪካ ብዙ ዓመት ቢኖሩም ካንዴላን ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮንን ጓርኒሲዮን፣ ፊልትሮን ፊልትሮ እንጂ ሌላ ስም አያውቁለትም፤ ዕቃ ሻጮቹ ወጣቶች ራሳቸው ተምረውላቸዋል። ዶቅዶቄዋን ዞረው አዩአትና «ገንዘብ አለህ?» አሉኝ። «የለኝም ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው ሌላ ነገር ትከፍላለህ» አሉኝ። ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ያኔ አልነገሩኝም። በኋላ ስደርስበት ኩራት ሆኖ አገኘሁት። በርካሽ ከሚገኙት ማቀዝቀዣዎች መካከል ባለቤቱን አንድ ስንዝር ዝቅ ሳያደርግ የሚሠራ አንድም የለም።

የመጀመሪያው ክፍያ የጥርስ ብሩሽ ነው። በክንፎቹ መሀል የዘይት ወዝ፣ አቧራና የበረሃ ትንኝ ተጋግሮ ነፋሱ እንዳያልፍ ይዘጋዋል። ይህን የሚያጸዳው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ፣ በሳሙና ውሃና በጥርስ ብሩሽ፣ እያንዳንዱን ክንፍ ለየብቻ ነው። ሰፈሬ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ሣራቸውን ያጭዳሉ፤ እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ለብረት ጥርስ አጥባለሁ። አንዱ ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና «ለምን በጎማ ውሃ አትለቅባትም? ስትግል ወዲያው ትበርድልሃለች» አለኝ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ዕቃቸውን አስቀመጡ። «የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ? ቴስታታው ሲሰነጠቅ ያኔ ለዘላለም ይበርድለታል» አሉ።

ሁለተኛው ክፍያ ጌጥ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ዶቅዶቄዋን ክሮም በክሮም አድርጓት ነበር። ሲሊንደሩ ጎን የክሮም ሽፋን፣ ቴስታታው ላይ የክሮም ክዳን፣ እግር ፊት ደግሞ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚከልል ሰፊ መከለያ። መከለያው በክረምት እግር እንዳይበርደው ጥሩ ነው፤ በበጋ ግን ነፋሱን ከሲሊንደሮቹ ይነጥቃል። የሚያብለጨልጭ ክሮም ሙቀቱን ወደ ውጭ መስጠት አይወድም፤ ስስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት ይሻለዋል። ጋሼ አንድ በአንድ እየፈቱ ካርቶን ውስጥ ከተቱት። መጨረሻ ላይ የቆመችው ቱቦዋና ሽቦዋ ሁሉ የሚታይ ነገር ነበረች። በማግስቱ ሥራ ቦታ ያየኝ ባልደረባዬ ከንፈሩን መጠጠና «አይዞህ፣ የሰረቁህን ፖሊስ ያገኛቸዋል» አለኝ።

ሦስተኛው ዘይት ነው፤ እዚህ ላይ እንኳ ገንዘብም ትንሽ ይወጣል። በነፋስ በሚቀዘቅዝ ሞተር ውስጥ ዘይት ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ሙቀት ተሸክሞ የማውጣት ሥራም አለበት። መጠኑ ከጎደለ ጥቂቱ ዘይት የብዙውን ሸክም ይሸከማል። ለእንዲህ ያለ ሙቀት የተለመደው 20 ደብሊው 50 የሚባለው ነው፤ የኋለኛው ቁጥር ሲሞቅ ምን ያህል ውፍረቱን እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ነው። ተራው ዘይት 120 እና 130 ዲግሪ ላይ ሲውል ቶሎ ያረጃል፤ ሲንቴቲኩ የበለጠ ይታገሣል። ጋሼ «ሲንቴቲክ ግዛ፣ በጋውን መጽሐፉ ከሚለው ቀደም ብለህ ቀይር፣ ፊልትሮውንም አብረህ» አሉኝ። በምሳዬ ላይ የነበረችውን ለስላሳ ቀነስኩ። እኔና ሞተሩ ከሁለት አንዳችን ጥሩ ነገር መጠጣት ነበረብን።

አራተኛው ክፍያ ጆሮ መስጠት ነው። ቤንዚኑ አንሶ አየሩ ሲበዛ ሞተሩ አብዝቶ ይግላል። አየሩ የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ በተፈቀደለት በር ሳይሆን በደረቀ ጓርኒሲዮን በኩል ነው። ጋሼ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በሚኒሞ አስነስተው በመገጣጠሚያው ዙሪያ ጥቂት ውሃ እፍ አሉበት፤ ድምፁ ተለወጠ። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ይተነፍሳል» አሉ። ጥቂት ዶላር የምታወጣ ጎማ ተቀየረችና መርፌው ወረደ። ቤንዚኑንም ጠየቁኝ። እዚህ ማደያው ላይ 87፣ 89 እና 91 የሚባሉ ሦስት ዓይነቶች አሉ፤ የእኔዋ መጽሐፍ የሚለው 91 ነው። በ87ቱ ቆጥባለሁ የሚል ሰው ዳገት ላይ ቤንዚኑ ያለጊዜው እየነደደ ፒስተኑን ሲቀጠቅጠው ይሰማል፤ ያ ቅጥቀጣ ሙቀት ነው፣ ያ ቁጠባም ዕዳ ነው። ማርሹም እንደዚሁ ነው። በከፍተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ እየጎተቱ ዳገት መውጣት ቤንዚን የሚቆጥብ ይመስላል፤ ሞተሩን ግን ያፍነዋል። ማርሽ ቀንሶ ዙሩን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ከኋላ ያለው ሰው «መንዳት አይችልም» ቢል ይበል፤ እሱም ከክፍያው ውስጥ ነው።

አምስተኛው ቬንትሌተሩ ነው። ገበያ ላይ ያለውን ጥንድ መግዛት ስላልቻልኩ ጋሼ ከወደቀ ትንሽ መኪና የተፈታ ባለ 12 ቮልት ቬንትሌተር አመጡ፤ ከላሜራ ቆርጠው መያዣ ሠሩለት፤ በጣት የሚጫን ማብሪያ መሪው ላይ አሰሩለት። የሚያስፈልገው ስንቆም ብቻ ነው። ችግሩ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሆን ባትሪውን የሚሞላው ኃይልም የሚያንሰው ያኔ ነው፤ ስለዚህ ቬንትሌተሩ ሲሠራ ሌላውን መብራት መቆጠብ ያስፈልጋል። ሙዚቃ የለም። መኪኖቹ መሀል፣ ቀይ መብራት ላይ፣ ከአጠገቤ እንደኔው ያለ ነገር ግን ክሮሙ ያልተነካ ዶቅዶቄ ቆሞ ድው ድው ሲል የእኔዋ ከሥሯ «ዝዝዝ» ትላለች። ሰውየው ዘንበል ብሎ ሥር ሥሯን ያያል፤ እኔ መብራቱን አያለሁ።

ስድስተኛው እንቅልፍ ነው። በበጋ ረጅም መንገድ ለመሄድ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት ያስፈልጋል። ቬጋስ የማትተኛ ከተማ ናት ይባላል፤ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የማገኛቸው ግን ገንዘባቸውን ተበልተው ወደ ሆቴላቸው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። እኛ ወደ ቻርልስተን ተራራ እንወጣለን። ተራራው ላይ ያለችው መንደር ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል፤ ከተማዋ ስትነድ እሷ ከአሥር ዲግሪ በላይ ትቀዘቅዛለች። መርፌው እየወረደ፣ የባለቤቴ ጨዋታ እየጨመረ እንደርሳለን። ጥድ የሚሸተው አየር ሲያገኘን ባለቤቴ መጀመሪያ የምትለው «ኧረ ይበርዳል፣ ነጠላዬን ስጠኝ» ነው።

ወደ ቤከር በኩል ስንሄድ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ከመንደሯ ተነስቶ ወደ ማውንቴን ፓስ የሚወጣው መንገድ ጫፉ ላይ እስኪደርስ ከ1100 ሜትር በላይ ሽቅብ ይሄዳል፤ ዳገቱ ላይ ሞተር እንዳይግል የመኪናችሁን ኤሲ አጥፉ የሚል የመንገድ ምልክት ተተክሏል። የሞት ሸለቆ መንገዶች ዳር ደግሞ ለራዲያተር የሚሆን ውሃ የያዙ ታንከሮች አሉ። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ይህን ሲያይ አይደነቅም። እዚያ ከባድ መኪኖች ከሺህ ሜትር በላይ ወርደው ከሺህ ሜትር በላይ ሲወጡ ረዳቱ ጀሪካኑን ይዞ መውረዱ የታወቀ ነው። ልዩነቱ እዚህ ውሃው መንገዱ ዳር ይጠብቅሃል፤ እዚያ ውሃውም ረዳቱም አብረውህ ይሄዳሉ። የእኔዋ ከሁለቱም አትጠጣም። ማርሽ ቀንሼ፣ የቆሙትን መኪኖች ኮፈናቸው እንደተከፈተ ባለፍኳቸው ቁጥር የተፈታው ክሮም ሁሉ የተመለሰልኝ ይመስለኛል።

ነገር ግን በዚያ በረሃ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ያው አንድ ነፋስ ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ እኔን ይጠብሰኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሙቀት ሁልጊዜ የሚሄደው ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ነው። የ45 ዲግሪ ነፋስ ከመቶ ዲግሪ በላይ ለጋለ ሲሊንደር ምሕረት ነው፤ 37 ዲግሪ ለሆነ የሰው ገላ ግን ተጨማሪ ማገዶ ነው። ስለዚህ በቲሸርት ክንዱን ለነፋስ ሰጥቶ የሚሄደው ጎረምሳ የቀዘቀዘ ይመስለዋል እንጂ ላቡ እየተሰረቀ ነው። እናቴ ሁልጊዜ ስደውል «ነፋስ እንዳይመታህ ደረብ አድርግ ልጄ» ትለኛለች። አዲስ አበባ ውስጥ ስንከራከርበት የኖርነው ምክር ላስ ቬጋስ ላይ ትክክል ሆኖ ተገኘ! እጅጌው ረጅም፣ አየር የሚያሳልፍ ጃኬት እደርባለሁ፤ ከሥሩ የጥጥ ሸሚዜን ማደያ ላይ ውሃ ውስጥ ነክሬ ጨምቄ እለብሰዋለሁ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ሲተን ሙቀቴን ይዞ ይሄዳል፤ የእናቴ እንስራ ቀትር ላይ ውሃ ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆየውም በዚሁ መንገድ ነው። ማደያው ውስጥ ያሉ ሰዎች አንድ ትልቅ ሰው ሸሚዙን በእጅ መታጠቢያ ውስጥ ሲዘፈዝፍ ሲያዩ ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ። ይህም ተከፍሏል።

ይህን ሁሉ ከፍዬ ስጨርስ የቀረው ትልቁ ዕዳ ያ ሰላምታ ነበር። ጋሼ እዚህ ላይ ምንም ዕቃ አላመጡም። «ስትቆም ቁልፉን አዙረው» አሉኝ። «ቆሞ የሚሠራ ሞተር ሁሉ ለማንም የማይጠቅም ሙቀት ነው የሚያመርተው። ሰው ሰላም ለማለት ከሆነ በሙሉ ልብህ ሰላም በል።» ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ርካሹ ይህ ነበር፤ ቁልፍ ማዞር ዋጋ የለውም። መርፌው ከዚያ ቀን ወዲህ መቶ ሃያን ያየው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ቀኝ ጭኔም ወደ ቀድሞ መልኩ ተመልሷል።

ብቻ አንድ ነገር አለ። አሁን አደባባዩ ላይ እደርሳለሁ፤ ቁልፉን አዞራለሁ፤ ዶቅዶቄዋ ጸጥ ትላለች። እኚያ የማከብራቸው ሰው ሞተሩ መጥፋቱን ይሰሙና ፊታቸው ይበራል። «እንግዲያው ግባ እንጂ! ቡና እንጠጣ።» ቡናው ከዕጣኑ ጋር ይቀርባል፤ ቡና ያለ ቁርስ አይሆንም፤ ቁርሱ ሰዓቱን ያሳልፍና ምሳ ይሆናል፤ ምሳው ላይ ሌሎች ሁለት ወዳጆች ይጨመራሉ፤ አንዱ «ክትፎ የሌለበት ምሳ ምሳ ነው?» ይላል። ከዚያ ሒሳብ ይመጣል። አስተናጋጇ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ አራት እጅ ባንድ ጊዜ ይዘረጋል። «አይሆንም!» «በሞቴ!» «እኔ እያለሁ?» እንግዲህ ለዶቅዶቄዋ ስል በጥርስ ብሩሽ፣ በካርቶን፣ በ«ዝዝዝ»ና በማደያ መታጠቢያ ስከፍለው የኖርኩት ኩራት ያን ሰዓት ባንዴ ተሰብስቦ ይመጣብኛል። ወረቀቱን እነጥቃለሁ። እከፍላለሁ። ደረቴን ነፍቼ እወጣለሁ። ሞተሩ በጥላው ሥር ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል።

ባለቤቴ በወሩ መጨረሻ የባንኩን ወረቀት እያገላበጠች የምግብ ቤቱን ስም በጣቷ እየተከተለች ትወርዳለች። ትወርዳለች፣ ትወርዳለች። መነጽሯን አውልቃ ቀና ትልና በጣም በቀዘቀዘ ድምፅ ትጠይቀኛለች፦

«ለመሆኑ ያ የዘይት ማቀዝቀዣ ስንት ነበር ያልከኝ?»